ወርቅ የሌለው ግጥም

ሰኞ፣ መስከረም 19 ቀን 1951 ዓ.ም.

ጠዋት የማሲንቆዬን ጭራ ለወጥሁ። አሮጌው እንደ ድመት ማላዘን ጀምሮ ነበር። ጢሜን ተላጨሁ፣ ሸሚዜን አጠብሁ። ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ሥራ የለኝም።

ሰጠኝ መጣ። የፊታውራሪ በላቸው ጸሐፊ ነው፣ ወሬ ሳይዝ መጥቶ አያውቅም።

«አያ አድማሴ፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ተናገር።»

«ሰዉ ሁሉ አድማሴ ነጥፏል ይላል።»

ነጥፏል! ላም ነኝ? ጣሊያን ከጎንደር የወጣ ጊዜ ነው ባንቺአየሁ ጠጅ ቤት መደብ ላይ የተቀመጥሁት። አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ከተማ ያልነካሁት ሹም የለም። ገሚሱ ተሻረ፣ ገሚሱ ሞተ፣ እኔ እዚያው መደብ ላይ ነኝ። ነጠፈ ይሉኛል ደግሞ...

ግን ትናንት ማታ... እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያነበው የለም። ፊታውራሪ በላቸው እንግዶች ይዞ መጣ። (ሹማችን ነው፣ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱ አልለውም።) ገና ሳይቀመጥ «አድማሴ፣ ያችን የእኔን በልልኝ፣ እንግዶቼ ይስሙ!» አለ። ስድብ እንደ ጥብስ ያዛል! አልሁለት፦

አይጥም አልነካቸው፣ ነቀዝ አላያቸው፣
ጎተራዎቹን ግን ማን ነው የበላቸው?

የዛሬ ስድስት ዓመት ይችን ሳወጣ ዘበኛ መጣ ብዬ በሩን በሩን አይ ነበር። ሰሙ ጥያቄ ነው፣ ወርቁ የሰውዬው ስም ነው፣ ሕፃን እንኳ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ሰው ሳቁን በጋቢው ሸፍኖ ነው የሳቀው። ትናንት ራሱ በላቸው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ለእንግዶቹ ወርቁን ፈታላቸው። «እኔ ነኝ! እኔን እኮ ነው!» እያለ ደረቱን መታ። ብር ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ።

ተሰዳቢው ስድቡን ከወደደው ሰዳቢው ምን ሊባል ነው? አጫዋች? ቤቴ ገብቼ ፊቴን ሁለት ጊዜ ታጠብሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

አዲስ ግጥም እንቢ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ስንኝ የለም! የቅኔ መምህሬ «ካልመጣልህ ጹም» ይሉ ነበር። ጾምሁ። ራበኝ እንጂ ምንም አልመጣ።

አባቴ መካነ ብርሃን ላይ ቄስ ነበሩ። ቅኔ ቤት ልከውኝ ማሲንቆ ይዤ ስመለስ «ልጅ የለኝም» አሉ። በዚያ ቀን እንኳ እንዲህ አልተናደድሁም። ያን ጊዜ ቢያንስ የምለው ነበረኝ።

ሰኞ፣ መስከረም 26፣ ከእህቴ ቤት

ቅዳሜ መልእክት ደረሰኝ። እህል አራግፎ በሚመለስ ማኪና ተንጠልጥዬ ማክሰኝት ወረድሁ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ በእግሬ።

አየለች ሁለት ልጆቿን በአምስት ቀን ቀበረች። ክንዱ ሰባት ዓመቱ ነበር። ማሩ ሦስት። ንዳድ ነው፣ ሐኪም ወባ የሚለው። መንደሩ በሙሉ ተኝቷል። ማሽላውን ወፍ ይበላዋል፣ የሚጠብቅ የለም። ሬሳ የሚሸከም አራት ወንድ ከሦስት መንደር ተለቅሞ ነው የሚገኘው። የባሰው ደግሞ ትልቋ ልጅ፣ አበቡ፣ ሁለት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

አየለች አላለቀሰችም። እንባዋ ሳያልቅ አልቀረም።

«አያ፣ ከተማ የንዳድ ኪኒን አለ ይላሉ። እውነት ነው?»

«እጠይቃለሁ።»

«ምነው መጠየቅ ብቻ? አንተ እኮ ከሹማምንቱ ጋር ትስቃለህ።»

ከሹማምንቱ ጋር ትስቃለህ! በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እህቴ እንኳ የምታውቀው ይኸን ነው። በእነሱ ላይ እንደምስቅ አይደለም፣ ከእነሱ ጋር...

ዓርብ፣ መስከረም 30

ጎንደር ገባሁ። ሆስፒታል ሄጄ ኪኒን ጠየቅሁ።

«አልመጣም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ከላይ ሲታዘዝ።»

ላይ የት ነው? አራት ቦታ ሄድሁ፣ አራቱም ቦታ ጣታቸውን ወደ ጣሪያ ቀሰሩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እየጫንሁ ነው የምጽፈው። በንዴት።

ትናንት ማታ ባንቺአየሁ «ቤቱ ሞልቷል፣ አንዲት ብቻ» ብላ ለመነችኝ። ሐዘን ላይ ነኝ አልኋት። «ሐዘንህን ተጫወተው» አለችኝ። እውነት መሰለኝ። መደብ ላይ ወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ ከሆዴ የወጣውን እንዳለ አልሁ፦

ትናንት ሲሯሯጡ ደጅ ላይ አይቻቸው፣
ዛሬ ብመለስ ግን ንዳዱ በላቸው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ዓይኔን ስከፍት ሰው በሳቅ ይንከባለላል። «ንዳዱ በላቸው! ንዳድ አለው!» እያሉ ጭን ይመታሉ። አንዱ ከወንበር ወደቀ። «ይኸው አልነጠፈም!» ብሎ ጮኸ ሌላው። ያን ጊዜ ገባኝ። ወርቅ አገኙ! ያላስቀመጥሁትን! የእህቴን ልጆች ስቀብር የሹም ስም ሰሙ።

«ዝም በሉ! ሐዘን ነው!» አልሁ። ባሰባቸው። እሱንም ቀልድ አደረጉት።

በማን ልናደድ? እነሱን ያስተማርኋቸው እኔ። ነገር ሁሉ ሽፋን ነው፣ ከሥር ፈልጉ፣ ከዚያ ሳቁ ብዬ አሥራ ሰባት ዓመት ያሠለጠንሁት ጆሮ ነው። አሁን እሳት ተነሣ ብዬ ብጮኽ እሳቱ ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሁለት ዘበኛ መጥቶ ወሰደኝ። በላቸው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፣ አይስቅም። ሳይስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«የቅዳሜዋን በል።»

አልሁ። ያለ ማሲንቆ ግጥም ማለት ራቁት እንደ መቆም ነው።

«ወርቁን አውጣ።»

«ወርቅ የለውም።»

«አድማሴ! አንተ ወርቅ የሌለው ግጥም ገጥመህ ታውቃለህ?»

«የእህቴ ልጆች ናቸው፣ ጌታዬ። ንዳድ ነው የበላቸው።»

«ይኸው! አሁንም ደገምኸው!»

ምን ልበል ታዲያ? ንዳድ ሁለት ልጅ ከበላ በላቸው ነው የሚባል። ስሙን እኔ አላወጣሁለት፣ እናቱን ይጠይቅ!

ተነሣ። መስኮቱን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኪኒኑን ነገር ማን ነገረህ?» አለኝ።

ዝም አልሁ። የማላውቀውን ምን ልመልስ?

ዝምታዬንም ወርቅ አደረገው መሰል፣ ፊቱ ቀላ። «አልሸጥሁትም! አንድ ሣጥን አልነካሁም! ከነሐሴ ጀምሮ መጋዘኔ ውስጥ በወግ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። በእጁ ያድላል፣ ፎቶ ይነሣል። ኅዳር ነው። ነገር ሥርዓት አለው!»

ከነሐሴ ጀምሮ! ክንዱ መስከረም ነው የሞተ። ማሩ መስከረም ነው የሞተ።

ለዚህ ሰው ስድስት ዓመት ወርቅ ስቀብርለት እየቆፈረ ሲስቅ ኖረ። ዛሬ ምንም ባልቀበርሁበት ቆፍሮ የራሱን ጉድ አወጣ።

«ስንት ሣጥን ነው?» አልሁት።

ያን ጊዜ እንዳላወቅሁ አወቀ። «ውጣ! ትንፍሽ ብትል...» አላስጨረስሁትም፣ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሰጠኝን ያዝሁት። «አሥራ አራት ሣጥን» አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ልጅ አለኝ፣ አያ። እንጀራዬ ነው።» ወሬ ሁሉ ሲያመላልስ ይችን አንዲቷን ዋጣት!

ለባንቺአየሁ ነገርኋት። «በሰም ሸፍነህ በለው» አለች። «ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ ያልፋል።»

«ማለፉ አይደል የገደለን!»

«ቤቴን ያዘጉብኛል፣ አድማሴ። ሌላ ምን አለኝ?»

ጮኽሁባት። እውነቷን ነው ደግሞ፣ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

አበቡ እንዴት አደረች ይሆን? የሚነግረኝ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ገበያ እወጣለሁ። በጠራራ ፀሐይ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ ከእስር ተለቀቅሁ። እዚያ ወረቀት አይሰጡም፣ ሁሉን አሁን ልጻፈው።

በዚያ ቅዳሜ የእህል መስፈሪያ ገልብጬ ገበያው መሐል ቆምሁ። ሰው አዝማሪ አየሁ ብሎ ተሰበሰበ፣ ገና ሳልጀምር ጥርሱን አወጣ። አልሁ፦

ኪኒኑ በሣጥን ተቆልፎ እያለ፣
እንግዳ ስንጠብቅ ስንቱ ልጅ ከሰለ።

ሳቁ! «ሣጥኗ የማን ሚስት ናት?» አለ አንዱ። ሌላው እንግዳውን መፍታት ጀመረ። እንደ ጠጅ ቤቱ ማታ ደሜ ፈላ።

«ወርቅ የለውም!» ብዬ ጮኽሁ። «ሰሙን ስሙ! ኪኒን ማለት ኪኒን ነው። ሣጥን ማለት ሣጥን ነው። በላቸው ማለት በላቸው ነው! መጋዘኑ ውስጥ አሥራ አራት ሣጥን የንዳድ መድኃኒት አለ!»

አሁንም አንዳንዱ ሳቀ። ያን ጊዜ ከሸክላዎቹ መሐል ፈንታዬ ተነሣች፣ ከወለቃ ጀበና ይዛ የምትመጣዋ። ሰው ሸክላዋን ይገዛል፣ ቡዳ ናት ብሎ ግን ከእጇ ውኃ አይጠጣም። እኔንም ዘፈኔን ይሰማል፣ ልጁን አይድርልኝም። በዓይን እንተዋወቃለን።

«ተቀበል» አለች።

ሴት በገበያ መሐል ተቀበል ስትል ሰምቼ አላውቅም። ተቀበል ከተባለ ግን አዝማሪ ቃል ሳያጎድል መመለስ አለበት። እሷ ግጥም አልነበራትም።

«ሀዳነ። ባሌ ነው። ማጭድ ሊሠራ ደንቢያ ወርዶ ነበር። ንዳድ።»

ተቀበልሁ። በማሲንቆ፣ እንዳለ፦ ሀዳነ። ባሏ ነው። ማጭድ ሊሠራ ደንቢያ ወርዶ ነበር። ንዳድ።

ሳቁ ቆመ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዱላውን አነሣ፣ «ተቀበል። አዝመራ፣ የበኩር ልጄ።» ተቀበልሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አንዲት ሴት አራት ስም በአንድ ትንፋሽ። ፖሊስ አንገቴን እስኪይዘኝ ድረስ አርባ አንድ ስም ተቀበልሁ።

የቀረውን ሰጠኝ ስንቅ ሲያመጣ በመስኮት ነገረኝ። ገበያተኛው ወደ ቤቱ አልሄደም። በላቸው ደጅ ሄዶ ለቅሶ ተቀመጠ። ነጠላ አዘቅዝቆ፣ መሬት ላይ፣ ዝም ብሎ። ዘበኞች ዱላ ይዘው ወጡ። ግን ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንዴት ተደርጎ ይመታል? የአንዱ ዘበኛ እናት ራሷ እዚያው መሐል ነበረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን መጋዘኑ ተከፈተ።

የማክሰኝቱን ሣጥን ጭኖ የወረደ ሰጠኝ ነው። ሳይታዘዝ። «አበቡ ኪኒኑን ውጣ ምራቋን ተፋችብኝ» አለኝ። «እንዴት ሸጋ ልጅ ናት፣ ሰደበችኝ እኮ!»

አለቀስሁ። እዚያው ፊቱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አየለች ቤት ነበርሁ። አበቡ በእግሯ ትቆማለች፣ ሽሮዋን ጥርግ አድርጋ በላች። በመንደሩ ግን ኪኒኑ ሳይደርስ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞቷል። አሥራ ዘጠኝ! ደስታዬና ንዴቴ ተለያይተው አያውቁም፣ አብረው ነው የሚመጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እንግዳው ትናንት መጣ። አሥራ አራቱ ሣጥኖች ባዷቸውን ተደርድረው ተመረቁ፣ ፎቶ ተነሡ። ንግግር ተደረገ። በላቸው ምስጋና ተቀበለ፣ ሊሾም ነው ይላሉ።

ትናንት ማታ ለባንቺአየሁ ላከባት፦ «አድማሴን ምሬዋለሁ። ይምጣና እንደ ድሮው ይስደበኝ፣ እንግዳዬ ይስማ።» ምሬዋለሁ! ልቀር ነበር። ከዚያ ሄድሁ። ማሲንቆዬን ቤት ትቼ።

ቤቱ ጢም ብሏል። በላቸው እንግዳውን አጠገቡ አስቀምጦ «ይኸ ነው የእኛ ጉድ፣ ስሙት ስድቡን!» አለው። ሰጠኝ በር ላይ ቆሟል።

መደብ ላይ አልወጣሁም። ፊቱ ቆሜ ስሞቹን ቆጠርሁ። ክንዱ። ማሩ። ሀዳነ። አዝመራ። ያለ ዜማ፣ ያለ ቤት መምቻ፣ ከነመንደራቸው፣ ከነሞቱበት ቀን። አሥረኛው ላይ ስደርስ በላቸው መሳቅ ጀመረ። ልማዱ ነው፣ ወርቁ የቱ ጋ እንደሆነ ሳያውቅ ቀድሞ ይስቃል። ጭኑን መታ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ተከታይ ፈለገ።

አንድም ሰው አልሳቀ። እነዚያ ከወንበር የወደቁት ሳይቀሩ። ሳቁ ብቻውን ትንሽ ሄደና ሳል ሆነ። እንግዳው ጫማውን ያያል። እኔ ቀጠልሁ፣ እስከ መጨረሻው ስም።

ከዚያ በላቸው ላቡን ጠርጎ «ጠጅ ቅጅ!» ብሎ ጮኸ።

ባንቺአየሁ ከጓዳ ወጣች። የእሱንና የእንግዳውን ብርሌ ከፊታቸው አነሣች።

«ጠጅ አልቋል፣ ጌታዬ» አለችው።

ጋኑ ሙሉ ነበር።