«አስቸኳይ» ያለ ሁሉ ይደምሰስ

ሰኞ
ዛሬም የወሲብ መድኃኒት ማስታወቂያ አባ ዘንድ ገባ። አባ የገጠር ክሊኒኮችን የሚመራው የቤተ ክርስቲያን ቢሯችን ኃላፊ ናቸው፤ ኢሜላቸውን ደግሞ እንግዳ ፊት ነው የከፈቱት። «ልጄ፣ ይሄን ጉድ ከፊቴ አጥፋልኝ» አሉኝ። የኢሜሉን ሰርቨር የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ። የቆሻሻ ኢሜል ማጣሪያውን አጠበቅኩት። አጠራጣሪው ለብቻው ይጠራቀማል፣ እኔ አየዋለሁ። ደህና ቀን ነበር።

ማክሰኞ
ምን ደህና ቀን አለ! ቆሻሻው ዲስኩን ሞልቶት ለማንም ኢሜል አልገባም። አዲስ ዲስክ ብጠይቅ፣ «በሚቀጥለው በጀት»። ማጣሪያው ማጠራቀሙን ትቶ ቀጥታ እንዲደመስስ አደረግኩት። አጭበርባሪ ሁሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «አስቸኳይ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ የሟች ሚኒስትር ውርስ፣ ሎተሪ፣ የማይሉት የለም። ያንንም ቃል፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ ከሚደመሰሱት ጨመርኩት።

ረቡዕ
እስከ ቀትር መብራት የለም። ከዚያ በኢሜሉ ላይ ጸጥታ። አባ መረቁኝ። ነርሷ ሲስተር ብርቅነሽ ከዶዮገና ክሊኒክ ደወለች። ለጤና መኮንንነት ትምህርት ተወዳድራለች፤ የአዲስ አበባው ኮሌጅ መልስ የሚመጣው በእኛ ኢሜል ነው። «እስካሁን ምንም የለም?» «ምንም» አልኳት።

ሐሙስ
ጸጥታው በዛብኝ። የጃጁራ ክሊኒክ ሪፖርት የት ገባ? የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። ወይ እኔ! በአገራችን ደብዳቤ ሁሉ አስቸኳይ መሆኑን እንዴት ረሳሁ? «እጅግ አስቸኳይ» ካልተባለ ማን ያነባል? ሪፖርቱ፣ የስብሰባ ጥሪው፣ ሁሉም ተደምስሷል። አንዱ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ርዕሱ ላይ የብርቅነሽ ስም አለ።

ኮሌጁ ደወልኩ። ተመርጣ ነበር። እስከ ትናንት ማታ መቀበሏን ማሳወቅ ነበረባት፤ ዝም ስትል ቦታውን ለተጠባባቂ ሰጡት። ለመንኩ። አባም ለመኑ። «አዝናለሁ አባቴ፣ ሌላ ሰው ተመዝግቧል» አሏቸው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አፈርኩ።

ዓርብ
በስልክ መንገሩ ከብዶኝ ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍሬ ዶዮገና ወረድኩ። ታካሚ ተሰልፏል። ብርቅነሽ እጇን እየታጠበች ሰማችኝ። ቃሉን የጨመርኩት እኔ መሆኔንም ሳልደብቅ ነገርኳት። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ በሰደበችኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ'ኮ ወንድሜ፣ አትበቂም ብለው የተዉኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ፊቷ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። በክንዷ ጠርጋ ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።

ለከርሞ ትወዳደር እንደሆነ ሳልጠይቃት ወጣሁ።