ከፈተናዬ በኋላ የሰማሁት ሞትህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሆነው ነው። ቡታጅራ ላይ ሰዉ ለሙት ዓመትህ ሽር ጉድ ይላል። እኔ ግን ሳልነግርህ የቆየሁት ነገር ስላለ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ቤታችን እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽህም። እማዬ የበርበሬውን ንግድ ትታዋለች፤ ኬሻዎቹ ከጓዳ ወጥተዋል። አንተ ከእንሴኖ ገበያ ስትመለስ ሮጬ ሳቅፍህ፣ ከኮትህ የሚነሳው የበርበሬ ብናኝ ያስነጥሰኝ ነበር። አንተም እየሳቅክ "ይማርሽ" ትለኝ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚያስነጥስ የለም።

ያን ሰሞን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ፈተና ላይ ነበርኩ። ስልክህ ላይ ስደውል አጎቴ አነሳው፤ ገበያ ወርደህ ስልክህን ረስተህ ነው አለኝ። በማግስቱም ሌላ ምክንያት ሰጠኝ። አመንኩት። ፈተናዬን ጨርሼ ቡታጅራ መናኸሪያ ስወርድ እሱ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ወደ ቤታችን ሳይሆን ወደ ራሱ ቤት ወሰደኝ። ሲነጋጋ ዘመዶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። አንተ ተቀብረህ፣ ድንኳኑም ፈርሶ ነበር።

ሁሉም ሲያለቅስ እኔ እንባ አልወጣኝም። እማዬን ፊት ነሳኋት። አርባህ ሳይወጣ ወደ ግቢ ተመለስኩ፤ ትምህርት ግን አልገባም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቼ እውል ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሰሚራ ምግብ እያመጣች ታባብለኝ ነበር። አንድ ቀን ማባበሉን ትታ ጫማዬን ራሷ አጠለቀችልኝና፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ምክር ወደሚያገኙበት ክፍል ይዛኝ ሄደች።

ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። አማካሪዋ መናገር ያልፈለገ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል አለችን። አንዱ እንቅልፍ አጥቷል፤ አንዷ ተፈናቅለው የወጡ ቤተሰቦቿ የት እንዳሉ አታውቅም። እኔ ብዙ ሳምንት ዝም ካልኩ በኋላ፣ አባቴን ደብቀው እንደቀበሩብኝና እናቴን ይቅር እንደማልላት ተናገርኩ።

ያኔ ደሳለኝ የሚባል የአረቅጥ ከተማ ልጅ፣ ከዚያ በፊት ድምፁን ሰምተነው የማናውቀው፣ ቀና አለ።

"ለእኔ ነግረውኛል። ሄጄ እናቴን ቀበርኳት። ተመልሼ ፈተናውን ወደቅኩ። አሁን አባቴ ስልኬን አያነሳም።"

አማካሪዋ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ሲለጠፍ ከዩኒቨርሲቲው ከተሰናበቱት ተማሪዎች አንዱ እሱ ሆነ። ለማንም ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አማካሪዋ ደጋግማ ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። አረቅጥም አልደረሰም ይላሉ። እስካሁን ወሬውን የሰማ የለም።

የእሱ ነገር እረፍት ነሳኝና ቡታጅራ መጣሁ። እማዬ ቆጮ እየከተፈች ነበር። ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"እኔ አይደለሁም፤ አባትሽ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብሎ አስማለኝ።"

ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

"በሞተ ሰው ከምትቀየሚ በእኔ ተቀየሚ ብዬ ነዋ።"

አባዬ፣ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩልህ። እማዬ ላይ ተደፍቼ፣ እሷም እኔ ላይ ተደፍታ።

ፈተናውን አልፌዋለሁ። ብወድቅ ይሻለኝ ነበር አልልህም፤ ደሳለኝን አይቻለሁ። ግን አልጋህ አጠገብ ቆሜ እጅህን መያዝ ይገባኝ ነበር። ያንን አንተ ልትወስንልኝ አይገባም ነበር። ለእኔ ብለህ እንዳደረግከው አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ቁስሉን አላሻረልኝም።

አሁንም ወደዚያ ክፍል እሄዳለሁ። አዲስ የገቡ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ እኔ እንደነበርኩት መሬት መሬት ያያሉ። አጠገባቸው እቀመጣለሁ። የደሳለኝንም ስልክ እሞክራለሁ።

እማዬንም አስምያታለሁ፤ ብትታመም፣ ምን ላይ ብሆን፣ እንድትጠራኝ። አንተን ደግሞ ደግ ደጉን ብቻ መርጬ አላስታውስህም፤ እንደዚያ ከሆነማ የማስታውሰው ሌላ ሰው ነው። እየናፈቅኩህም፣ እየተቀየምኩህም፣ ሙሉህን ይዤህ እኖራለሁ።

ልጅህ አስቴር