ሲስተር ኦዲል የሰረዘችው ስም

ጥቅምት 4
ጎመኑን አረምኩ። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው።
ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ከካቶሊክ ሴት መነኮሳቱ ትምህርት ቤት። ስልሳኛ ዓመቱን ኅዳር 2፣ በሙታን መታሰቢያ ቀን ያከብራል። “ከቀድሞ ተማሪዎች አንዷ ሆነው ንግግር ያድርጉልን” ይላል። ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ። የማሴሩ ከተማን ግማሽ ሕፃናት የተቀበልኩት እኔ ነኝ...
መባረሬን አላወቁም? ወይስ አውቀው ነው?

ጥቅምት 7
ማሌፋ መጣች። አንድ አግዳሚ ላይ አብረን ተምረናል። እሷ እስከ መጨረሻው ዘለቀች።
“ሂጂ እንጂ። ጥሩ ጥሩውን አውሪላቸው። መዝሙሩን፣ ጥልፉን።”
“በቆሎውንስ?”
ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረች።

ጥቅምት 11
ንግግሩን መጻፍ ጀመርኩ። አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም።
ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ነው። አባቴ ሞትላሌፑላ ሴካሪ በዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ዘምቶ መርከቡ ሰጠመ። ዋና አያውቅም። የተራራ ሰው ዋና ከየት ይማራል? ጦርነቱ ሲያልቅ የሌሎቹ አባቶች የወታደር ካፖርት ለብሰው ተመለሱ። ለእኛ ወረቀት መጣ። እናቴ የምታለቅስበት መቃብር እንኳ አልነበራትም።
ኅዳር ሲገባ፣ “የሞቱባችሁን ሰዎች ስም ጽፋችሁ አምጡ፤ መሠዊያው ላይ ተቀምጦ ይጸለይላቸዋል” ተባልን። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጻፍኩ።
አስተማሪያችን ሲስተር ኦዲል ክፉ አልነበረችም። ሲያመኝ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣችኝ እሷ ናት። መጻፍም ያስተማረችኝ እሷ... የሚያናድደኝም ይኸው ነው።
“አግነስ፣ አባትሽ ተጠምቋል?” አለችኝ። አግነስ ያለችኝ እሷ ናት፤ እናቴ ያወጣችልኝ ፑሴሌጾ ነው።
“አልተጠመቀም።”
በቀይ ሰረዘችው። “ታዲያ ከክርስቲያኖቹ ጋር አይጻፍም፣ ልጄ።”
መልሼ ጻፍኩት። ሰረዘችው። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፣ ከዳር እስከ ዳር። የደረቀ የበቆሎ ፍሬ ወለሉ ላይ በትና፣ “ይቅርታ እስክትጠይቂ እላዩ ላይ ተንበርከኪ” አለችኝ። ከጠዋት ጸሎት እስከ ምሳ። አልጠየቅሁም። በሁለተኛውም ቀን። በሦስተኛው ቀን ልብሴን በብርድ ልብስ ቋጥረው አሰናበቱኝ።
እናቴ ምን አለች? “እስቲ ጉልበትሽን አሳዪኝ” ብቻ። ሰኞ ፕሮቴስታንቶቹ ትምህርት ቤት ወስዳ አስገባችኝ።

ጥቅምት 19
ንግግሩን አስቀድመው ይላኩ ብለው ነበር፤ ላክሁ። ዛሬ ሲስተር ፓሌሳ ራሷ ይዛው መጣች። አሁን ርዕሰ መምህርቷ እሷ ናት፣ የእኛው አገር ልጅ። ስለ አባቴና ስለ በቆሎው የጻፍኩት ገጽ ሙሉ በእርሳስ ተከቧል።
“እሜ፣ እናቴ፣ በዓል እኮ ነው። ጳጳሱ ይመጣሉ።”
“ይምጡ።”
“ሲስተር ኦዲል ሞታለች። መልስ መስጠት አትችልም።”
“አባቴም አልቻለም።”
“ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ላልተጠመቁትም እንጸልያለን።”
“ታዲያ ምን ያስፈራሻል?”
ወረቀቱን አጠፈችው። “ይህን ገጽ ካላወጡት ሌላ ተናጋሪ መፈለጌ ነው።”
“ፈልጊ። እኔ ግን እመጣለሁ።”
ሻዩን ሳትጨርስ ሄደች።
አበዛሁት እንዴ? አላበዛሁም።

ጥቅምት 30
ማሌፋ፦ “ትሄጃለሽ?”
እሄዳለሁ።

ኅዳር 3
ትናንት ሄድኩ። ማንም አልከለከለኝም። ከማሌፋ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከትምህርት ሚኒስቴር የመጣ ሰው ስለ አዲሱ ጣሪያ አንድ ሰዓት አወራ።
ከዚያ ሲስተር ፓሌሳ የሙታኑን ስም ከደብተር አነበበች። ጨርሳ ደብተሩን ስትዘጋ ተነሣሁ። አስቤበት አልነበረም... ወይስ ነበረ?
“ሞትላሌፑላ ሴካሪ” አልኩ። “ያልተጠመቀ። ባሕር የበላው።”
ጳጳሱ ወደ ፓሌሳ ዞሩ። ፓሌሳ እኔን አየች። ከኋላ አንድ ሰው አሳለው። አልተቀመጥኩም።
ክንዴን ሰው ያዘኝ። ሊያስቀምጠኝ መስሎኝ ክንዴን ልመነጭቅ ነበር። ለካ ማሌፋ ልትነሣ ተደግፋኝ ነው።
“ሴሎ ሞራኬ” አለች። “አያቴ። ያልተጠመቀ።”
አላውቅም ነበር። ያኔ አጠገቤ ተቀምጣ ለሲስተር ኦዲል ባዶ ወረቀት ነው የሰጠችው። አርባ አንድ ዓመት አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም።
ከግራ በኩል አንዲት አሮጊት ተነሣች። ከበሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ማን እንደጀመረ እንጃ፣ ስም በስም ላይ ተደራረበ። የአያት፣ የእናት፣ ሳይጠመቅ የሞተ ጨቅላ...
“ቀስ በሉ” አለች ፓሌሳ። ድምጿ ጠንካራ ነበር፤ ልታስቆመን ነው አልኩ። ደብተሩን ገልጣ ከጳጳሱ እጅ እስክሪብቶ ተቀበለች። “አንድ በአንድ። እንዲህ ከተንጫጫችሁ መጻፍ አልችልም።”
ቀና ብላ አየችኝ።
“ከእርስዎ እንጀምር፣ እሜ። ፊደሉን ይንገሩኝ።”
ነገርኳት። እጇ ፈጣን አይደለም። ጠበቅኳት።