ያጸዳሽው ድምፅ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይ? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከአንድ ሌላ ነገር በስተቀር ደህና ነኝ። ሌላው ነገር ቅናት ነው። እንግዲህ ተናገርኩት፣ ወጣልኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ አልፎ አልፎ ያማታል። ስምሽን ሳታነሣ አትውልም።

ዘፈንሽን ሰማነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከሰማው በኋላ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛዬ ስልኳን ከፍታ አሰማችኝ። የእናትሽ ድምፅ አይደለም ወይ አለችኝ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እህትሽ እኮ ጉድ ናት፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በነፃ ባወረደችው አፕ ነው ይህን የሠራችው ብላ አደነቀችልኝ። እኔም አዎ፣ ጎበዝ ናት አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እርር ድብን ብዬ ቀሚሷን ከልክ በላይ አጠበብኩባት፤ በማግስቱ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

ለመሆኑ ያን የእማዬን እንጉርጉሮ ማን ቀረጸው? ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ ጨርቅ እያጣጠፈች ስታንጎራጉር፣ ስልኬን የክር ሳጥኑ ላይ አስደግፌ ቀርጬ የላክሁልሽ እኔ አይደለሁም? አንቺ ምን ብለሽ መለስሽ? የእማዬ ድምፅ ግሩም ነው፣ የመኪናው ጫጫታ ግን አስቸግሮኝ ነበር፣ ጫጫታ የሚያጠፋ ነፃ መሣሪያ አግኝቼ ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁት አልሽኝ። ወይ ጉድ! ጫጫታ? በዚያ ጫጫታ የተሰፋ ዩኒፎርም ለብሰሽ እኮ ነው የተማርሽው። እማዬን አስቀረሽ፣ እኔን አጠፋሽ፣ በቦታዬም አፑ ውስጥ ያገኘሽውን ከበሮ ከተትሽ። ሰው በከበሮ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ከዚያ ደግሞ ሁለተኛው መልእክትሽ መጣ። ለአዲሱ ዘፈን ሌላ እንጉርጉሮ ላኪልኝ፣ በዚህኛው ግን መኪናውን አቁሚልኝ፣ ቤቱ ጸጥ ይበል አልሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያመካኘሁልሽን ታስታውሻለሽ፤ አንዴ እማዬን ጉንፋን ይዟታል፣ አንዴ ስልኬ ሞልቶ አልቀርጽም ብሏል። ጉንፋኑም ውሸት፣ መሙላቱም ውሸት። ሌላ ዘፈን ከእኔ እጅ ወጥቶ ላንቺ ብቻ እንዲጨበጨብ አልፈለግሁም።

ባለፈው እሑድ ግን ኅሊናዬ እንቢ አለኝና ያልሽውን አደረግሁ። መኪናዋን አቆምኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ስልኩን ፊቷ አስቀመጥኩ። እስቲ ለልጅሽ አንጎራጉሪላት አልኳት። ጀመረች፤ ሁለት ስንኝ ሳትሞላ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ጠፋባት። የራስሽን ድምፅ ስሚና ይታወስሽ ብዬ ዘፈንሽን በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩላት። ፈገግ ብላ ጥቂት ሰማች። ከዚያ ማዳመጫውን ነቅላ ፊቴን አየችኝ፤ ግንባሬንም በእጇ ዳበሰችኝ። ልጄ፣ እዚህ ውስጥ መስፋት አቁመሻል እኮ፣ አሞሽ ነበር ወይ አለችኝ።

ምን ልበልሽ፣ አለቀስኩ። ተነሥቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ፔዳሉን እንደነካ እማዬ ከመጀመሪያው ስንኝ ተነሣች፤ አንድ ቦታ አልተደናቀፈችም። ፍጥነቴን ስቀንስ ትቀንሳለች። ክር ተበጥሶብኝ ሳቆም ዜማዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ሃያ ዓመት አጠገቧ ስሰፋ ይህን ልብ አላልኩም ነበር። አንቺም አላልሽም፣ አልፈርድብሽም።

ቅጂውን በስልክ ልኬልሻለሁ፣ ከነመኪናው። እሱን ደግሞ አጸዳለሁ ብትይ ግን እንጣላለን። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ያቺው ደንበኛዬ ያንቺን ዜማ እያንጎራጎረች ስትገባ ቆንጠጥ አድርጎኛል። ቢሆንም እጅሽ ይባረክ፣ ሙያሽ ይስመርልሽ፣ የሁለታችንንም እናት ዕድሜ ይስጥልን።

ከዚህ በላይ ባልጽፍልሽ አትቀየሚኝ። ይህን ስጽፍ መኪናዬ ቆማለች፤ እማዬም ከጓዳ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ።

ታላቅ እህትሽ