ኖካያ ያነጠፈችው ወለል

ለልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍ ታገኛለህ ወይ? የጆሃንስበርግ ሥራ ሰው ያከሳል ይላሉ፤ በደንብ ብላ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰፈራችን ምዳንትሳኔም እንዳለች አለች።

ለምን አትደውይም እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ ነገሩ ሲመርህ "ኔትወርክ የለም" ትላለህ። ወረቀት ግን አይዘጋብኝም። እስክሪብቶ የጨበጥኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ የጽሑፌን መንጋደድ ታገሠኝ።

መልእክትህ ደርሶኛል። "ከገና በፊት ኖካያን ወደ ወላጆቿ ስደጃት፣ ሌላ ሰው ይዤ እመጣለሁ" ብለሃል። ሚስትህን በእኔ አፍ ልታባርር ነው። መልሱን ያዘገየሁት ወለሉ እስኪያልቅ ብዬ ነው።

የቱ ወለል ትል ይሆናል። ሳሎን ሲሚንቶው ላይ ተንሸራትቼ ከወደቅኩ ወዲህ "ሠራተኛ እልካለሁ" ስትለኝ ነበር። ሠራተኛህ እስካሁን መንገድ ላይ ነው መሰለኝ። ኖካያ ግን ልብስ እየሰፋች ባጠራቀመችው ገንዘብ የእንጨት መልክ ያለው የፕላስቲክ ንጣፍ ገዝታ በታክሲ ጭና መጣች። ጀርባው ሙጫ አለው፤ ወረቀቱን ልጠህ ትለጥፈዋለህ። ማን ሊያነጥፈው ነው ብላት "እኔና ስልኬ" አለች። ለካ ሰዎች ሲሠሩት የሚያሳይ ቪዲዮ እየደጋገመች ስታይ ከርማለች።

መጀመሪያ አልያዘላትም። ማታ ለጥፋው ጠዋት ስንነሳ ጫፍ ጫፉ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠቅልሏል። "ወለሌ እንጨትሽን አልፈልግም አለ" ብዬ ሳቅኩባት። እሷ ጎንበስ ብላ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ጠብ አደረገች። ውሃው ሳይሰርግ ድቡልቡል ብሎ ቀረ። "እማማ፣ ይሄ ያንቺ ሰም ነው" አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ተንበርክኬ የቀባሁት ቀይ ሰም! ጎረቤታችን ማምቴምቡ ፊቷን እያየችበት ሻሿን የምታስተካክልበት! የእኛ ሰፈር ሴት ክብሯ የወለሏ ማብረቅረቅ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ሙጫውን አልይዝም ያለው ያ ክብሬ ነው። "እሱን ልፋቅ ካልሽ መጀመሪያ እኔን ፋቂኝ" አልኳት። አልተቆጣችም። አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቴን በቅባት እያሸች "ይሄን ጉልበት የበላው ሰሙ አይደል?" አለችኝ።  በማግስቱ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እጀታው ረጅም በሆነ መፋቂያ ከእሷ ጋር ፋቅሁ። ሰሙን የምናሟሟበት የቲነር ሽታ ራሳችንን ሲያዞረው ደጅ ወጥተን እንስቃለን፣ ተመልሰን እንፍቃለን።

ከዚያ በኋላ እጇን ብታይ! ከግድግዳው አልጀመረችም፤ የመንግሥት ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ክር ኖራ ውስጥ ነክራ ሳሎኑ መሃል ላይ መስመር መታችና ከዚያ ተነሳች። መጋጠሚያዎቹን እንደ ጡብ ታፈራርቃለች፤ በምላጭ ጫር አድርጋ በጉልበቷ ቀጭ ታደርገዋለች፤ በሊጥ መዳመጫ ትዳምጠዋለች። የበሩን መቃን ዙሪያ ለመቁረጥ፣ ልብስ እንደምትቀድ ሁሉ፣ በካርቶን ልክ ወሰደች። ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት አልተወችም።

ያልከውን እንዲያስፈጽም የላክኸው አጎትህ ምቡሌሎ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። በሩ ላይ ቆሞ "ይሄ እኮ የወንድ ሥራ ነው" አለ። "ወንዱን ካገኘኸው አምጣልኝ" አልኩት። ኖካያ ቀና እንኳን ሳትል "አጎቴ፣ ጫማዎን" አለችው። አወለቀ! አውራ ጣቱ በተቀደደ ካልሲው ብቅ እንዳለ ወዲያ ወዲህ ተራመደ፣ በተረከዙ መታ መታ አደረገው፣ "ሆቴል አደረጋችሁት እኮ!" አለ።

በቆሎና ባቄላውን በልቶ ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ። የሚለውን ስለማውቅ ቀደምኩት። "ይህች ልጅ ተድራ ስትመጣ ኖካያ፣ የቤት እናት፣ ብለን ስም ያወጣንላት እኛ ነን። የዚያን ቀን ፍየል በልተሃል። ሥጋውን መመለስ ትችላለህ?" አልኩት። ሳህኑን አየ። ወለሉን አየ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ "የእኔ መኝታ ቤት ስንት ካርቶን ንጣፍ ይፈጃል?" ብሎ ጠየቃት። መልእክተኛህ በዚሁ ሄደ።

ልጄ፣ ያሳደግኩህ በሰው ቤት የእንጨት ወለል እየወለወልኩ ነው። እንጨት ወለል ላይ ተንበርክኬ እንጂ እንደ ባለቤት ቆሜ አላውቅም ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ ሳሎኔን ቀጥ ብዬ አቋርጣለሁ። እግሬን አይበርደኝም፣ አያንሸራትተኝም። ይሄን የሰጠኝ የወለድኩት ልጅ አይደለም።

ወለሉ ትንሽ ከፍ ስላለ በሩ ከታች እየታከከ አስቸገረን። ኖካያ ነቅላ፣ ወንበሮች ላይ አጋድማ፣ በመላጊያ ላገችው። በሩ ከወለቀ አይቀር ቁልፉንም ቀይሪው አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። አንዱ መክፈቻ እኔ ጋ ነው፣ ሌላው እሷ ጋ።

ለገና ና፤ ልጄ ነህ። ስትደርስ አንኳኳ፣ ከሁለት አንዳችን እንከፍትልሃለን።

የአባቶችህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ይሰውርህ፤ ልብም ይስጥህ።

እናትህ፣
የኖካያም እናት