የአማቴ ጉርሻ

ላሊበላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት አማቴ፣ ለእናቴ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የአገርዎ የሙጃ የጥቅምት ብርድ እንደማይምር አውቃለሁና ጋቢዎን አይለዩት። እኔና ልጅዎ ሰብሌ ከአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤታችን ሞቆልናል።

ወንድሟ የሻው ትናንት መጥቶ ነገረን። እርስዎ «በእጄ ሰው ልገድል ነበር» ብለው፣ ሰው ማጉረስም ትተው፣ ቤቱን ለእሱ አስረክበው ገነተ ማርያም ሊመነኩሱ ነው አሉ። እናቴ፣ ተቆጥቻለሁ። አማች አማቱን መቆጣት ነውር ባይሆን ከዚህም በላይ እቆጣ ነበር።

የፋሲካ ዕለት የዶሮው አጥንት ጉሮሮዬ ላይ የተቀረቀረው ገና እርስዎ ሳያጎርሱኝ ነው። ሁለት ወር የጾመ ሰው ምን ያላምጣል? አማቴ ፊት ደግሞ እንዴት ልሳል? እንባዬን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥሁ። እርስዎ አጎረሱኝ፤ «አንድ ያጣላል» ብለውም ደገሙኝ። የአማቱን ጉርሻ የሚመልስ የላስታ ሰው ካለ ያሳዩኝ። ጉርሻው አጥንቱን ገፋው፤ የምግብ መውረጃዬ ተበሳ። በማግስቱ ለውጋቴ ያጠጡኝ ተልባም በቀዳዳው ወደ ደረቴ ፈሰሰ።

ሐኪሙ ደረቴን ከፍተው ተልባውን አጠቡ። ቀዳዳውን ሰፍተው፣ ከጎድኔ መሃል ሥጋ ወስደው እንደ እራፊ ደረቡበት። ልብስ ሰፊ ነኝና ስፌት አውቃለሁ፤ ይኼ የሚተረተር አይደለም። እንደኔ ዘግይተው ከሚመጡት ብዙዎቹ አይተርፉም ብለውኛል። በሆዴ በገባ ቱቦ ስመገብ ከርሜ፣ በመጨረሻ ነጭ ነገር አጠጥተው በራጅ ቢያዩኝ ከስፌቱ ጠብ የሚል ጠፋ። ያኔ ሐኪሙ አጥንት ውጦ ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ጠየቁኝ። አማቴ ቤት ነበርሁ አልኋቸው። ሳቁና «እኔም አማት አሉኝ» አሉ።

ለነፍስዎ ብለው ከሆነ ይመንኩሱ፤ እኔ ማን ነኝ? በእኔ ሰበብ ከሆነ ግን እምቢ ብያለሁ። አፌን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ከእጅዎ ካልጎረስሁ ደግሞ የዳንሁ አይመስለኝም።

ለስላሳ ምግብ አዘውትር ተብያለሁ። ገንፎውን ሰብሌ ነበረች የምታገነፋልኝ፤ ሰሞኑን ግን የቅቤው ሽታ አልስማማት እያለ አፍንጫዋን ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ መንገዱ ደርቋልና ይምጡልን። የገንፎ እህል በርከት አድርገው ያስፈጩ፤ ከመጪው ፋሲካ በኋላ የሚገነፋው ለእኔ አይደለም።

እጅዎን ይባርክልን፤ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ልጅዎ፣ የልጅዎ ባል