ለንብ ጎመን ያስቀሩ የነበሩት የወይዘሮ ደጊቱ አየነው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ደጊቱ አየነው ከአባታቸው ከአቶ አየነው ምንይችል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ አበረ በ1949 ዓ.ም. ዘንገና አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሲታጡ የሚገኙት ከአባታቸው ቀፎ አጠገብ ነበር። እንጅባራ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1967 ዓ.ም. ከባለጋሪው ከአቶ አወቀ መሳፍንት ጋር ትዳር መሥርተው ዳንግላ ዳር ኖሩ፤ ሃናንና ዓባይነህንም ወለዱ። በጓሯቸው ዱባው አጥር ይወጣል፣ የበሶብላውና የጤና አዳሙ ሽታ መንገደኛ ያስቆማል። ጎመናቸውን ግን ጨርሰው አይቀጥፉም፤ እኩሌታው አገዳ አውጥቶ ቢጫ እስኪያብብ ለንብ ይተዉታል። ጎረቤት ያረጀ ጎመን እያለ ሲያሾፍ አብረው ይስቁ ነበር። ጧት ጉሙ ሳይገፈፍ እዚያ ቆመው ስናገኛቸው፣ እኛ ልጆቻቸው የማንሰማውን የሚሰሙ ይመስለን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ወጡም የሚያርረው ያኔ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የወፍ ቆሎ የሚባል ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ለአጥር ተከሉ። አበባው ቀይና ቢጫ ሆኖ ቢራቢሮ ሲሞላው ያየ ሁሉ ተደነቀ። ፍሬውን ግን ወፎች እየበሉ በጎረቤታቸው በአቶ እንየው ግጦሽ ላይ ጣሉት። በጥቂት ዓመት ሣሩን ዋጠው፤ ቅጠሉን የበላች አንዲት ጊደርም ሞተች። ሰው ሁሉ አረሙን ወፍ አመጣው አለ እንጂ ከማን አጥር እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እናታችን ግን በሰንበቴው ላይ ተነሥተው፣ “ወፏን አትክሰሱ፤ እኔ ነኝ የተከልሁት” አሉ።

የራሳቸውን አጥር በማግስቱ ነቀሉ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ መሬቱ ሲርስ ዶማ ይዘው ወደ አቶ እንየው ግጦሽ ይወርዱ ነበር፤ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣልና ሥሩን ይቆፍራሉ። አቶ እንየው ይበቃል ቢሏቸውም አልሰሙም። ፍርሃታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በሰው መሬት ላይ ያጠፉትን ሳያነሡ መሞት።

በ2016 ዓ.ም. በልብ ሕመም አልጋ ያዙ። የሚጠይቁት ግን ስለዚያ መሬት ነበር። ባለፈው ሳምንት አቶ እንየው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ “እታለም፣ ተነቅሎ አልቋል፤ ለክረምት ኑግ እዘራበታለሁ” አሏቸው። እናታችን ቀኑን ሙሉ የኑጉን አበባ በመስኮቱ የሚያዩት ይመስል ፈገግ እያሉ ዋሉ። የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

አቶ እንየው ትናንት ለቅሶ ላይ እውነቱን ነገሩን። ከግጦሹ በታች ወንዝ ዳር ያለው አረም አልተነቀለም፤ አልቋል ያሉት እናታችን እንዲያርፉ ብለው ነው። አልተቀየምናቸውም፤ እንዲያውም አቅፈናቸው አለቀስን። ክረምቱ ሲገባ እኛ ልጆቻቸው ዶማ ይዘን እንወርዳለን፤ አቶ እንየውም ኑጉን ይዘራሉ። እናታችን አምነው የሄዱትን እውነት እናደርገዋለን።

የድካማቸውን ዋጋ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በማይጠወልግ ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።